ከዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ፦ የሰሜን ሸዋ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ኅዳር 12

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በኅዳር ሚካኤል ማለዳ፣ ከተማዋ «ኅዳር ሲታጠን» በሚባለው ልማድ በጢስ ተሸፍና ሳለ ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን እየሰማሁ ያደግሁ ቢሆንም፣ በየደጃፉ ተከምሮ ከሚነደው ጥራጊ መካከል የጎመን አገዳ፣ የድንች ልጣጭና ደረቅ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ዘንድሮ የሚታየኝ የባከነ ኮምፖስት ብቻ ነው።

ይህ አመል የጀመረኝ አምና ነው። በቤቴ ሶሌታ ላይ አራት የእንጨት ሣጥኖች አሠርቼ፣ ሃያ አምስት ጆንያ አፈር በቀን ሠራተኛ አስወጥቼ ሰላጣና ቆስጣ ተከልሁ። ግንቦት ላይ ጎረቤት እየጠራሁ አስጎበኘሁ፤ ሰኔ ላይ በረዶ ቅጠሉን ወንፊት አደረገው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ውሃው በሣጥኖቹ ሥር አቁሮ ሶሌታውን ሰረገና በሳሎናችን ኮርኒስ ላይ የካርታ ቅርጽ ያለው እድፍ አተመ። ባለቤቴ እድፉን እንዳላስቀባው አዘዘችኝ፤ ለማስታወሻ እንዲሆነኝ እስከ ዛሬ እንዳለ ተቀምጧል። ከእድፉ ይልቅ የከነከነኝ ግን ከበረዶ የተረፈውን ቅጠል ለሰፈራችን ባለ ጉልት ለመሸጥ በሞከርሁ ጊዜ የሰጠችኝ መልስ ነው። ከአትክልት ተራ በምታመጣበት ዋጋ እንኳ ልትወስድልኝ አልፈቀደችም። «ዛሬ አምጥተህልኝ ነገ ትጠፋለህ፤ እኔ ደግሞ ደንበኛዬ ነገም ይመጣል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ በማግስቱ የምሸጠው አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ዳቦ ቤት ጣሪያ ላይ ግሪን ሐውስ፣ ማለትም ላስቲክ የለበሰ የአትክልት ቤት ሠርተው አትክልቱን እዚያው ምድር ቤት ከዳቦው ጋር የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸውን ነገረኝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሜ በስልክ ጠይቄ፣ የስድስት ቀን ፈቃድ ወስጄ የተነሣሁት እነዚህን ሰዎች ለማየት ነው።

ለገዳዲን፣ ሰንዳፋንና አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ሾፌሩ ቆመና ሦስት ተሳፋሪዎች ቅቤ ሊገዙ ወረዱ። በአዲስ አበባ ገበያ ቅቤ ሁሉ «የሸኖ ነው» ተብሎ እንደሚሸጥ፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትም እንደማይጠፋ የማያውቅ የለም። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ከአንዲት ሴት ፊት ቆመው ቅቤውን በጣታቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ ከገዙም በኋላ የሻጭዋን ስልክ ቁጥር በስልካቸው አስመዘገቡ። «ለገና ደውዬ አስልካለሁ፤ ከእንግዲህ ቅቤ ሳይሆን ሰው ነው የምገዛው» አሉኝ ወደ መኪናው ሲመለሱ። አባባላቸውን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁት።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ከቀትር በፊት ደብረ ብርሃን ገባን። ፀሐዩ ይፋጃል፤ ጥላው ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ያንቀጠቅጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ከተማ ጠባዩ እንዲህ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ በታየው ብርሃን ምክንያት ከተማቸውን እዚህ እንደመሠረቱና ስሙም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ግሪን ሐውስ ከሰማይ የሚፈልገው ብርሃን ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብረ ብርሃንን የሚያህል ቦታ ባልተገኘ ነበር፤ ችግሩ ብርሃኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሌሊት ነው።

ኅዳር 13

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከዳቦ ቤቱ በር ደረስሁ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሴት ሲሆኑ ሠራተኛውም ደንበኛውም «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልሁ። ግሪን ሐውሱን የሚያስተዳድረው የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ሲፈልግ ከቆየ በኋላ አክስቱ «ሥራ ካጣህ ጣሪያዬን ውሰድ» ያሉት ወጣት ነው። ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ደርቦ በብረቱ መሰላል እየመራ አወጣኝ።

በውጭ በተሰቀለው ቴርሞሜትር 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይነበባል፤ በአጥሩ ሥር ያለው ሣር ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኗል። በላስቲኩ ውስጥ የተሰቀለው ግን 7 ይላል። ወጣቱ ልዩነቱን እንድመለከት ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ስድስቱ ዲግሪ ከየት እንደመጣ ይገምቱ» አለኝ። ከላስቲኩ ነው አልሁ። በከፊል ነው አለኝ። ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ስለምትለቅ ነጠላ ላስቲክ ብቻውን ቢበዛ ሦስት ዲግሪ ያህል ቢያተርፍ ነው። የቀረው የሚመጣው ከእግራችን ሥር ነው፤ ምድጃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ስለሚነድ ሶሌታው እስኪነጋ ለብ እንዳለ ይቆያል፤ የምድጃው የጢስ ማውጫ ቱቦም ላስቲኩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ በውስጡ እንደቆመ ማሞቂያ ያገለግላል። ቱቦው ጢስ እንዳያፈስ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ተበይደዋል፤ ላስቲኩንም እንዳያቀልጠው በሚያልፍበት ቦታ ሰፋ ያለ የቆርቆሮ አንገት ተሠርቶለታል። ይህን አንገት ከመሥራታቸው በፊት ላስቲኩ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ እንደነበር እትዬ በኋላ ነገሩኝ፤ ልጁ አልነገረኝም።

የሕንፃ ሙቀት ለጣሪያ እርሻ የሚሰጠውን ጥቅም ከዚህ ቀደም ያነበብሁት ስለ ካናዳ ነበር። በሞንትሪያል ከተማ «ሉፋ ፋርምስ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያውን የንግድ የጣሪያ ግሪን ሐውስ 2,900 ካሬ ሜትር ገደማ በሚሆን ጣሪያ ላይ ከፈተ፤ በ2020 ደግሞ 15,000 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሌላ ጨመረ። ያ ሁሉ መስታወት በዚያ ክረምት ቆሞ ሰላጣና ቲማቲም የሚያበቅለው ከሥሩ ካለው ሕንፃ የሚወጣውን ሙቀት ስለሚጋራ ጭምር ነው። ምርቱም ለደንበኞች የሚደርሰው በየሳምንቱ በሚያዝዙት ቅርጫት፣ ከየሰፈሩ መረከቢያ ቦታ ነው። የዚህኛው ስፋት 8 ሜትር በ12 ሜትር፣ በድምሩ 96 ካሬ ሜትር ነው። ወጣቱ ስለ ሞንትሪያል ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ በዩኒቨርሲቲ ሳለ ፎቶውን አይቶ «እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ አገር አይደለም» ብሎ ማለፉን ነገረኝ።

የሰሜኑን ግድግዳ ተከትለው በጥቁር ቀለም የተቀቡ ሃያ በርሜሎች ውሃ ተሞልተው ተደርድረዋል። የጠብታ መስኖው ውሃ የሚጠጣው ከእነርሱ ነው፤ ዋና ሥራቸው ግን ቀን የጠጡትን ፀሐይ ሌሊት መመለስ ነው። ሂሳቡን ቆመን ሠራነው። 200 ሊትር የያዘ አንድ በርሜል በሌሊት 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ አንድ ባለ አንድ ሺሕ ዋት ምድጃ ከሁለት ሰዓት በላይ እንደበራ ማለት ነው። በርሜሎቹ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩት ከሥራቸው ያለው ጨረራና አምድ ክብደቱን እንዲሸከም ነው።

ክብደት! እኔ አምና ያላሰብሁት ይህንኑ ነበር። በሃያ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተነጠፈ እርጥብ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር 350 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለመኖሪያ ቤት ወለል በስሌት የሚያዘው የተጨማሪ ጭነት መጠን ግን በተለምዶ ወደ 200 ኪሎ ግራም ነው። የእኔ ሶሌታ ውሃ በማፍሰስ ብቻ መቆሙ ምሕረት ነው። እዚህ አፈር የለም። ሰላጣውና ቆስጣው የቆሙት በአበባ እርሻዎች እንደሚደረገው ቀይ አሽ በሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በተሞላ፣ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ላስቲክ የለበሰ ገንዳ ላይ ነው፤ ውሃ ጠግቦም ቢሆን ከእኔ ሣጥን ክብደት ግማሹን አይሞላም። ገንዳዎቹም ከሶሌታው አንድ ስንዝር ከፍ ብለው በብረት እግር ስለቆሙ ከሥራቸው የፈሰሰ ውሃ ይታያል፤ ይጠረጋል።

ሕንፃው ራሱ የሚነግረው ሌላ ታሪክ አለ። በመጀመሪያው ፕላን ጂ ፕላስ ሦስት ሊሆን ታስቦ ገንዘብ አልበቃ ብሎ ጂ ፕላስ አንድ ላይ የቆመ ነው፤ በአምዶቹ አናት ላይ ያልተቆረጠው ፌሮ እስከ ዛሬ ወደ ሰማይ እንደቆመ ነው። በየከተማው እንዲህ ያለውን ፌሮ ባየሁ ቁጥር ያልተፈጸመ ምኞት አድርጌ ነበር የምቆጥረው። እዚህ ግን የግሪን ሐውሱ ብረት ከእነዚሁ ፌሮዎች ጋር ተበይዶ የደብረ ብርሃንን ነፋስ ይቋቋማል፤ መሠረቱና አምዶቹም ለሌላ ሁለት ፎቅ የታሰቡ ስለነበሩ የሚሸከሙት ትርፍ አቅም አላቸው። ደግሞም ወጣቱ ብረት ከማስገዛቱ በፊት የሕንፃውን ፕላን ለአንድ መሐንዲስ አሳይቶ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀብሏል። ይህ እርምጃ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ እኔ ለሃያ አምስቱ ጆንያ አስወጪ ከከፈልሁት ያንሳል።

ውሃ በከተማው ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሕንፃው ጎን ያለው የመጋዘን ቆርቆሮ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ሮቶ ታንከር ይገባል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ስለሚሰጥና በዚህ አካባቢ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚዘንብ፣ መቶ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዓመት ዘጠና ሺሕ ሊትር ያህል ያወርዳል። ነገር ግን አብዛኛው የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሁለቱ ሮቶዎች ሞልተው ሲፈሱ ማየት እንደሚያናድደው ወጣቱ በምሬት ነገረኝ።

3 ሰዓት ላይ የጎኑን ላስቲክ ጠቅልሎ አነሣ። ሌሊት በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ያቆረው ጤዛ በቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠበ ሻጋታ ስለሚያመጣ፣ ብርዱ እንደተሰበረ ነፋስ ማስገባት ግድ ነው። ዘግይቶ የከፈተ ሰው ቅጠሉን በበሽታ፣ ቸኩሎ የከፈተ ደግሞ በውርጭ ያጣል። በዚህ መካከል ያለችውን ሰዓት የሚያውቃት በጆሮው ቅዝቃዜ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቴርሞሜትሩን ግን ከዓይኑ አላነሣም።

ከጢስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ የተተከሉትን አሥራ አምስት የቲማቲም ግንዶች ያሳየኝ መጨረሻ ላይ ነው፤ ኩራቱ እነርሱ ላይ እንደሆነ ያስታውቃል። ቲማቲም ከ10 ዲግሪ በታች እድገቱ ስለሚቆም በዚህ ከተማ በኅዳር ወር ፍሬ ይዞ ማየት በእርግጥ ያስደንቃል። እትዬ ግን ከታች ሆነው ጥያቄዬን ሰምተው ኖሮ፣ «እሱ ቲማቲም አራት ወር ሙሉ ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ ሰላጣው በአርባ አምስት ቀን ይወጣል። የኔ ልጅ፣ ቲማቲሙን ንገረውና ቤት ኪራይ ይክፈለኝ» ብለው ሳቁ።

ኅዳር 14

ነገ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ከተማው ሁሉ ሥጋና ቅቤ ፍለጋ ላይ ነው፤ አትክልት የሚጠይቅ የለም። ወጣቱም አንዲት ቅጠል አልቆረጠም። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ፓምፑ ቆመ፤ ቀይ አሹ እርጥበት ስለሚይዝ ግን እስከ ማግስቱ እንደማያሳስበው ነገረኝ። መጀመሪያ ሥሮቹ በቱቦ ውስጥ በቀጭን የውሃ ጅረት ብቻ የሚኖሩበትን ዘዴ ሞክሮ፣ በአንድ የመብራት መጥፋት ቀን ሦስት መቶ ችግኝ በጥቂት ሰዓታት ጠውልጎ ከሞተበት በኋላ ነው ወደ አሽ የዞረው።

ማታ በዳቦ ቤቱ ጓሮ ሻይ እየጠጣን ስለ አንድ ነጋዴ አወሩኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው መጥቶ «ያላችሁን ሁሉ ባንዴ ላንሣላችሁ» ብሎ ሦስት ወር ያህል በየሳምንቱ ምርቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ዋጋው ከጉልት ዋጋ ግማሽ ቢሆንም ልጁ ተደስቶ ነበር፤ መሸጥ ከሚባለው ጣጣ ተገላግሎ በማብቀሉ ላይ ብቻ ማተኮር ቻለ። በአራተኛው ወር በየገበያው ጎመን ተትረፈረፈና ሰውየው ስልኩን ዘጋ። አንድ መቶ ኪሎ የሚሆን ቆስጣ ለጎረቤት ፍየል ተሰጠ። እትዬ ይህን ሲተርኩ አልሳቁም።

ኅዳር 15

ጾሙ ገባ፤ የዳቦ ቤቱም በር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በወረፋ ተሞላ። የዛሬው ምርት የታሰበው በመስከረም ነው፦ ዘሩን በመስከረም አጋማሽ አፍልቶ፣ ችግኙን ጥቅምት 1 ቀን ወደ ገንዳ አዛውሮ፣ ልክ በአርባ አምስተኛው ቀን ለጾሙ መግቢያ አደረሰው። ልጁ የመዝሪያ ሰሌዳውን የሚያወጣው ከባሕረ ሐሳብ ጋር እያስተያየ ነው። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ ዘንድሮ መቼ እንደሚገባ የደብሩን መሪጌታ አስቀድሞ ጠይቋል። ስለ ገበያ ጥናት በየስብሰባው ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥ አሳመነኝ።

ሽያጩ የሚካሄደው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በመስኮት ነው፤ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈ ሰው በአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከሌሊት ብርድ የወጣ፣ ጤዛው ያልደረቀ ሰላጣና ቆስጣ ያያል። ደንበኛ ለማምጣት የተደረገ ወጪ የለም፤ ወረፋው ከግሪን ሐውሱ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ቆሞ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ግን እትዬ ራሳቸው ያመጡት ነው። እትዬ በሰፈራቸው የዕቁብ ዳኛ ናቸው። ከነጋዴው ጉዳይ በኋላ ከዕቁቡ አባላት ሃያ ሁለት አባወራዎችና እማወራዎች በየወሩ መጀመሪያ የተወሰነ ገንዘብ አስቀድመው እንዲከፍሉ፣ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ደግሞ ከጣሪያው የደረሰውን እንዲወስዱ ተስማሙ። ነፋስ ላስቲኩን በቀደደ ጊዜም አዲሱ ላስቲክ የተገዛው እትዬ በደረሳቸው የዕቁብ ዕጣ ነው። የሞንትሪያሉ ደንበኛ በኢንተርኔት አዝዞ የሚያገኘውን ቅርጫት የደብረ ብርሃኑ ደንበኛ በዕቁብ ሥርዓት ያገኘዋል፤ እትዬም ስለ ሞንትሪያል ስነግራቸው «እነሱም ዕቁብ አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ደብተሩን እንዳይ ፈቀዱልኝ። በአንደኛው ገጽ የሰዎቹ ስም፣ በአንጻሩ ደግሞ የሚወዱትና የማይወዱት ተጽፏል፦ «ሰላጣ አትወድም፣ ቆስጣ ይብዛላት»፤ «ስኳር አለባቸው፣ ቀይ ሥር አይሰጥ»፤ «ልጆች ስላሏት ካሮት ሲመጣ ይነገራት»። የሚከፈለው በቴሌብር ነው፤ የሚያስታውሰው ግን ደብተሩ ነው። ለሁለት ሆቴሎችም ሞክረው ነበር፤ አንደኛው የሁለት ወር ሂሳብ ስለያዘባቸው አቁመዋል።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። ከዳቦ ቤቱ ማዶ ጉልት የዘረጋች አንዲት ሴት፣ ፎቶ ሳነሣ አይታ ጠራችኝና «እኛንም አንሣን፤ እኛም ሰው ነን» አለች። ደላላውን እናስቀር እየተባለ በተወራ ቁጥር የሚጎዳው ደላላው ሳይሆን እርሷ መሆኗን ነገረችኝ፤ ደላላው ወደ ሌላ ዕቃ ይዞራል፣ እርሷ ግን ያላት ያችው ማዳበሪያ ላይ የተዘረጋች አንድ መደብ ናት። ይህን ለእትዬ ሳነሣ አልካዱም። ከ4 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ሁሉ ለማዶዎቹ ሴቶች ከጉልት ዋጋ ቀንሰው በጅምላ እንደሚሰጡ፣ በገበያ ቀን ደግሞ በመስኮቱ ጭራሽ እንደማይሸጡ ነገሩኝ። ስምምነቱ በቂ ነው ብዬ አላምንም፤ ቢሆንም አምራቹ በቀጥታ ለተመጋቢው ይሽጥ የምንል ሰዎች ብዙ ጊዜ የማናነሣውን ጥያቄ ቢያንስ አንሥተውታል።

ኅዳር 16

የቲማቲሙ ነገር ስላልለቀቀኝ የደብረ ብርሃን ጉልት ቲማቲም ከሚመጣበት አቅጣጫ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን በቆፈሩት የጣርማ በር ዋሻ በጉም ውስጥ ገብተን በሌላኛው አፍ ስንወጣ አገሩ ከሥራችን ተዘረጋ። ከዚህ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ፣ 1,300 ሜትር ወደማይሞላው ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ ሹራቤን ደብረ ሲና ላይ፣ ጃኬቴን ከዚያ በታች አወለቅሁ።

ደብረ ሲና መኪናው ገና ሳይቆም ሴቶችና ልጆች ቆሏቸውን ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ቆሎው በዚያው ሌሊት የተቆላ ነው፤ የቆላችው እጅ ናት በመስኮቱ የምታቀብለው። ስለ ቀጥታ ሽያጭ ሦስት ቀን ሙሉ ስጽፍ ቆይቼ፣ ለዓመታት በዚህ መስኮት ስገዛ የኖርሁትን ሳልቆጥረው መቅረቴ አስገረመኝ።

ሸዋ ሮቢት ላይ በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አንድ ገበሬ ማሳውን አዞረኝ። ፀሐዩ ያለ ላስቲክ፣ ያለ በርሜል፣ ያለ ጢስ ማውጫ ቲማቲሙን ያቀላዋል። አስቸጋሪው ቅጠሉን ቦርቡሮ ፍሬው ውስጥ የሚገባው «ቱታ አብሶሉታ» የተባለው ትል ነው፤ ለእርሱም መድኃኒት መርጨት ያለማቋረጥ ሆኗል። ሣጥኑን በስንት እንደሚሸጥ ስጠይቀው ስልኩን አወጣና «ዋጋውን እኔ አልናገርም፤ ይሄ ነው የሚነግረኝ» አለ። ከአዲስ አበባ የሚደወልለት ደላላ የዕለቱን ዋጋ ይነግረዋል፤ አይሱዙ መኪና ማሳው ዳር ቆሞ ሳለ ገበሬው እምቢ ማለት አይችልም፤ የበሰለ ቲማቲም ሁለት ቀን አይጠብቅም። ከዚህ ማሳ የተጫነ ቲማቲም አንዳንዴ በደብረ ብርሃን አጠገብ አልፎ አዲስ አበባ ይገባና፣ በነጋዴ ተገዝቶ በዚያው መንገድ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሶ እንደሚሸጥ ሲነግረኝ፣ ማመን ስላቃተኝ ደጋግሜ ጠየቅሁት። አጠገቡ የቆመው የመኪናው ረዳት አረጋገጠልኝ።

ማታ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኜ ለእትዬ ደወልሁ። ያየሁትን ነግሬ፣ ገበሬው በመደበኛ መኪና ሊልክላቸው ፈቃደኛ መሆኑን ገለጽሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከዋጋው ይልቅ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒቱ ነበር፦ ከተረጨ በስንተኛው ቀን ነው የሚለቀመው? ገበሬውን በማግስቱ ጠይቄ እንድነግራቸው አዘዙኝ። ሃያ ሁለት ሰው በስማቸው ስለሚያውቃቸው፣ የቲማቲሙም ስም በእርሳቸው ስም ሊጠራ ነው።

ኅዳር 17

ገበሬው በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን የመታገሻ ቀን አሳየኝ፤ ከእርሱም በላይ አምስት ቀን ጨምሮ እንደሚለቅም ቃል ገባ። ሦስት ሣጥን ቲማቲም ከእኔው ጋር ተሳፈረ። ሣጥኖቹ በመኪናው ፖርቶ መጋላ ላይ ታስረው ጣርማ በርን ሲወጡ፣ በጣሪያ ላይ ስለሚደረግ ነገር ሁሉ ስድስት ቀን ሙሉ ያሰብሁ ሰው በመሆኔ ፈገግ አልሁ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ወጣቱ ሣጥኖቹን ተቀበለኝ፤ አንዷን ቲማቲም አንሥቶ አገላብጦ አያት፣ ከዚያም በጣሪያው ላይ ስላሉት አሥራ አምስት ግንዶች ምንም ሳይል ሣጥኑን ወደ ውስጥ አስገባ። ይህን ነገር በእርሱ ፊት ማድረጌ ትንሽ ከበደኝ። እኔ በበኩሌ የጣሪያው ቲማቲም ከሮቢት ቲማቲም ጋር በዋጋ ሊወዳደር እንደማይችል፣ ቦታው ለቅጠላ ቅጠል ብቻ ቢውል እንደሚሻል አምናለሁ፤ ነገር ግን ውርጭ በመታው ከተማ በኅዳር ወር የቀላችውን የመጀመሪያዋን ፍሬ ያየ ሰው ግንዱን ንቀል ቢባል ቶሎ እንደማይታዘዝ ይገባኛል። እትዬም የተናገሩት ይህንኑ ነው፦ «አምስቱ ይቆዩለት፤ አሥሩን ግን ለገና ሰላጣ እፈልጋቸዋለሁ።»

አዲስ አበባ የገባሁት መሽቶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሜትርና ደብተር ይዤ ወደ ሶሌታዬ ወጣሁ። ሙቀት የሚሰጠኝ ምድጃ ከሥሬ የለም፤ አዲስ አበባ ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን አይበርድምና ያን ያህል አያስፈልገኝም። ዳቦ ወረፋም የለኝም። ስለዚህ የግሪን ሐውሱን ሥዕል ለመሣል የከፈትሁትን ገጽ ገለበጥሁና በጣሪያው ጠርዝ ቆሜ ከዚያ የሚታዩኝን የጎረቤቶቼን በሮች መቁጠር ጀመርሁ። አሥራ ስድስት ናቸው። ከአሥራ ስድስቱ የዘጠኙን ቤት ሰዎች ስም አውቃለሁ፤ የቀሩትን ሰባት ባለቤቴ ነገረችኝና ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቆስጣ ይወዱ እንደሆነ የምጽፍበትን ባዶ ቦታ ተውሁ።